ስለ መመዘኛና ስለ ካሳ፦ ከኩላሊት ሕክምና የተወሰደ ትምህርት

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ነጋዴ ከባድና ቀላል ሁለት ዓይነት መመዘኛ ይዞ እንዳይገኝ ይከለክላል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ገበያ ነው። ሁለት መመዘኛ በሕክምና ቤት ውስጥ፣ ያውም ማንም በክፋት ሳያስበው፣ እንዴት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት እንደ ኖረ ግን ከአሜሪካ በተገኘ አንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

ኩላሊት ደምን የሚያጣራበትን ኃይል በቀጥታ መለካት አድካሚ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ከጡንቻ የሚመነጨውንና ኩላሊት የሚያስወግደውን ክሬአቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይለኩና የኩላሊቱን ኃይል በቀመር ያሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና በመላው አሜሪካ የተስፋፋው ቀመር ከዕድሜና ከጾታ ሌላ አንድ ነገር ይጠይቅ ነበር፤ ይኸውም ሕመምተኛው ጥቁር ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ጥቁር ከሆነ፣ በስፋት በተሠራበት መልኩ፣ ውጤቱ በ1.21 ይባዛ ነበር። በ2009 የወጣው ቀመርም ማባዣውን ወደ 1.16 ገደማ ዝቅ አደረገው እንጂ አላስቀረውም።

ምክንያቱ ምን ነበር? በጥናቱ ከተካፈሉት መካከል ጥቁሮቹ፣ የኩላሊታቸው ሥራ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ክሬአቲኒናቸው በአማካይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህም ከጡንቻ ብዛት የመጣ ነው ተብሎ ታሰበ። ወደ ሐኪም የሚቀርበው ግን አማካይ ሳይሆን ሰው ነው። ቀመሩ ቀጭኑን ከወፍራሙ፣ በጆርጂያ የተወለደውንም ከጎንደር ከሄደው ስደተኛ አይለይም ነበር። እናቱ ነጭ፣ አባቱ ጥቁር ለሆነ ሰውማ ምን መልስ ነበረው?

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። በአሜሪካ የኩላሊት እጥበት ላልጀመረ ሕመምተኛ የንቅለ ተከላ ወረፋው መቆጠር የሚጀምረው የማጣራት ኃይሉ በደቂቃ ወደ 20 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ሁለት ሰዎች በዕድሜ፣ በጾታና በደም ምርመራ እኩል ሆነው የሁለቱም ስሌት 18 መጣ እንበል። ነጩ ወረፋውን ይይዛል። የጥቁሩ 18 ግን በ1.21 ሲባዛ ወደ 22 ይጠጋል፤ ስለዚህ ጊዜህ ገና ነው ይባላል። ወረፋው የዓመታት ወረፋ ነው። ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመባቸው ሰዎች ግን ሲሶ ያህሉ እነርሱ ናቸው።

የሕክምና ተማሪዎች ጭምር አጥብቀው ባነሡት ጥያቄ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽንና የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በጋራ ያቋቋሙት ኮሚቴ በ2021 ዘር የማይጠይቅ አዲስ ቀመር እንዲሠራበት ወሰነ። በ2022 የንቅለ ተከላውን ወረፋ የሚያስተዳድረው አካል በዘር የሚያሰላውን ቀመር ከለከለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። ስለ ንስሐ ስናስተምር በደልን መተውና የተወሰደውን መመለስ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እናስተምራለን፤ ዘኬዎስም ከእንግዲህ አልቀማም በማለት ብቻ አልተወሰነም። ተቋማት ስሕተታቸውን ሲያርሙ ይታያሉ፤ ካሳ ሲከፍሉ ግን እምብዛም አይታዩም። በዚህ ጉዳይ ግን ከጥር 2023 ጀምሮ የንቅለ ተከላ ሆስፒታሎች በወረፋ ላይ ያሉትን ጥቁር ሕመምተኞች የቀድሞ የደም ምርመራ መዝገብ በአዲሱ ቀመር መልሰው እንዲያሰሉና የተወሰደባቸውን የወረፋ ጊዜ እንዲመልሱላቸው ታዘዙ። በ2024 ጊዜያቸው የተስተካከለላቸው ሰዎች ቁጥር ከ14,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ካሳው ሙሉ ነው ለማለት ግን አይቻልም። የተመለሰው በመዝገብ ላይ ለተገኙት ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ጨርሶ ወደ መዝገቡ ሳይደርሱ የቀሩትን፣ በመጠባበቅ ላይ ሳሉ ያረፉትንም የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

ሕሙማንን የምትጎበኙ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከምእመናን መካከል በአሜሪካ የኩላሊት ወረፋ የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ሰው ካገኛችሁ ይህን ንገሩት። ዘመዱ ከ2023 በፊት ተመዝግቦ ከሆነ፣ የወረፋው ቀን በአዲሱ ቀመር ተመርምሮ እንደሆነ የተመዘገበበትን ሆስፒታል ይጠይቅ፤ የቀድሞ የደም ምርመራ ውጤት በሌላ ክሊኒክ የቀረ ካለውም አስፈልጎ ያቅርብ።