ዝንብና ማንጎ

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማንጎና ዘይቱን ሲበስል ዝንብ ትመጣለች። ልጣጩን ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል ፍሬውን ከውስጥ ይበላል።

«ወፍስ ይበላ የለ? ትንሽ ብትካፈለን ምን አለበት?» እንላለን። እውነት ነው። ለጥቂት ፍሬ ብለን መርዝ ብንረጭ ንቡንም እንገድላለን። ነገር ግን የወደቀውን ፍሬ ከዛፉ ሥር ከተውነው ማካፈሉ ቀርቶ ዝንብ ማርባት ሆነ። ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ይገባል፤ ክንፍ አውጥቶ ይመለሳል። በ1995 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ የታየችው የእስያ ዝንብ ወደ አገራችንም ስለገባች ጥፋቱ ብሷል።

ስለዚህ የወደቀውን በየቀኑ እንልቀም፤ ከአንድ ክንድ በላይ ቆፍረን እንቅበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ዝንቧ አፈሩን ገፍታ ትወጣለች። ጎረቤታችን ካልለቀመ ደግሞ የሱ ዝንብ ወደኛ ትመጣለች። ተጠራርተን እንሥራ፤ ለሁለት ቤት አንድ ጉድጓድ ይበቃል።