ስለ ብር ሥራ ብልሽቶችና ስለ መላቸው

ስለ አገራችን የብር ጌጣጌጥ ውበት የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የአንገት መስቀሉ፣ ድሪው፣ አልቦውና አምባሩ በየጊዜው ይመሰገናሉ። ብር ሲቀጠቀጥ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ብየዳው ለምን አልይዝ እንደሚል የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አላየንም። እኛም ብዕር ያነሣነው በዕውቀታችን ተማምነን ሳይሆን አንድ የአንገት መስቀል ስላበላሸን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትርፍ ጊዜያችን የእጅ ሥራ ለመለማመድ ከተሰባሰብነው ተማሪዎች አንዱ የእናቱን የአንገት መስቀል ይዞ መጣ። ማንጠልጠያው ተነቅሎ ነበርና እንድንበይድለት ጠየቀን። ቀላል መሰለን። መበየጃውን ብር ከስንጥቁ ላይ አስቀመጥንና የጋዙን ነበልባል ለቀቅንበት፤ እምቢ ሲለን ነበልባሉን አበረታን። መበየጃው ሳይፈስ የመስቀሉ የአንደኛው ክንድ ጫፍ እንደ ሰም ዘመመና ተድቦለቦለ። መስቀሉን እናቲቱ ከእናታቸው የወረሱት ነበር።

አፍረን ወደ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ይዘነው ሄድን። አያቶቻችን እንዲህ ያለውን ሰው «ባለ እጅ» እያሉ ይንቁት ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዕድሜ አግኝቷል። ሽማግሌው አልተቆጡንም። መስቀሉን አገላብጠው አዩና «ልጆቼ፣ ይህ ከምን ብር የተሠራ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ጥያቄው የዋዛ እንዳልሆነ የገባን ኋላ ነው። ገበያ ላይ «ብር» የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ለጌጥ ግን እጅግ ለስላሳ ስለሆነ መዳብ ይጨመርበታል። ስተርሊንግ የሚባለው ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው። የቀድሞ አንጥረኞቻችን በብዛት ያቀልጡት የነበረው ደግሞ ጠገራ ብር፣ ማለት የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም የኖረ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከመውጣቱ በፊት በአገራችን በሰፊው ይገበያዩበት ነበር። ክብደቱ 28.07 ግራም ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው።

እንግዲህ መዳብ ብቻውን የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው። ሰው እንደሚገምተው መዳብ የበዛበት ብር ሙቀትን ይበልጥ ሊችል ይገባው ነበር። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ከሁለቱም ቀድመው መላላት ይጀምራሉ፤ የጠገራ ብር ቅይጥ በ780 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። የተለመደው ጠንካራ መበየጃ የሚፈሰውም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ስለሆነ በሥራውና በጥፋቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። በአሮጌ ጌጥ ላይ በ700 ዲግሪ አካባቢ የሚፈሰውን መበየጃ መጠቀም የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ጠንካራውን አምጥተን ነበር።

መበየጃው ለምን አልፈስ እንዳለስ? በአንድ ጊዜ ሦስት ስሕተት ሠርተናል። መጋጠሚያውን በሞረድ ሳናጸዳ ቀረን፤ የብዙ ዓመት የሰውነት ቅባት ነበረበት። ቦራክሱን የቀባነው በመበየጃው ላይ ብቻ ነበር፤ ቦራክስ ግን ጠቃሚነቱ ብረቱ ሲግል አየር እንዳያገኘውና እንዳይጠቁር መሸፈን ስለሆነ መጋጠሚያው በሙሉ ሊቀባ ይገባዋል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ነበልባሉን መበየጃው ላይ ማነጣጠራችን ነው። መበየጃ የሚሮጠው ወደ ሞቀው ቦታ ነው። ዙሪያው ቀዝቃዛ ከሆነ እንደ ጤዛ ኳስ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ወደ ስንጥቁ አይገባም። ብር ደግሞ ሙቀትን በፍጥነት ወደ መላ አካሉ ስለሚያስተላልፍ ዕቃው በሙሉ እኩል መሞቅ አለበት። መጀመሪያ ወፍራሙ ክፍል ይሞቃል፤ ቀጭኑ ማንጠልጠያ መጨረሻ ላይ ነበልባል ቢነካው ይበቃዋል። ሰፊ ክፍተት ደግሞ በመበየጃ አይሞላም፤ ሁለቱ ጫፎች ብርሃን እስከማያሳልፉ ድረስ መጋጠም አለባቸው።

ሽማግሌው ሲበይዱ መስኮቱን በጨርቅ ጋረዱት። ምሥጢር የሚደብቁ መስሎን ነበር! ለካ የብሩን ቀለም ለማየት ነው። በፀሐይ ብርሃን ደብዛዛው ቅላት ስለማይታይ፣ ቀላ ብሎ ሲታይ ጊዜው አልፏል።

ይኸው ቀለም ለስንጥቅም መፍትሔ ነው። ብር በተቀጠቀጠ ቁጥር ይደነድናል፤ ደንድኖ እያለ መዶሻውን የሚቀጥል ሰው ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። በየመካከሉ ደብዛዛ ቅላት እስኪያሳይ አሙቆ ማለስለስ ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ካሞቁት ግን ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል።

ከእሳት በኋላ የሚታየው ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ መሰል ጥላ ከመዳቡ የሚመጣ ነው። ላይ ላዩን ያለው በቀጭን የአሲድ ውኃ ይለቃል (አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይደለም)፤ የሎሚ አሲድም ይሠራል። ወደ ውስጥ የዘለቀው ጥላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በመፋቅ ነው። ዕቃውን ከአሲዱ በብረት ወረንጦ ያወጣ ሰው ብሩ ሮዝ መስሎ ያገኘዋል፤ ብረቱ አሲዱ ውስጥ የሟሟውን መዳብ ስለሚያስለብሰው ነው። የእንጨት ወይም የመዳብ ወረንጦ ይበቃል።

ጀርመን ሲልቨር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን ቅንጣት ብር የለበትም፤ ኒኬሉም የአንዳንድ ሰው ጆሮ ያሳክካል። የሚጠራጠር ሰው ዕቃውን በክር አንጠልጥሎ በአየርና በውኃ ውስጥ ይመዝነው። ጠገራ ብር ውኃ ውስጥ 2.75 ግራም ገደማ ይቀለዋል፤ ጀርመን ሲልቨር በዚያው ክብደት ከ3 ግራም በላይ።

ማንጠልጠያውን በመጨረሻ የበየዱት ሽማግሌው ናቸው። የተድቦለቦለውን ክንድ በተመለከተ ሌሎቹን ሦስቱን ሞርደው ሊያስተካክሉ ይችሉ ነበር። እናቲቱ ግን የእናታቸው ብር ወደ አቧራ እንዲወርድ አልፈቀዱም። መስቀሉን አንዱ ክንዱ አጥሮ እንዳለ አንገታቸው ላይ አድርገውታል።