ሎደሩ ክንዱን አላነሳ ሲል፦ ፓምፕ ከመግዛት በፊት ሽቦውን መመርመር

በግንባታ መሣሪያ ኪራይ ላይ ገንዘባቸውን ያዋሉ ባለሀብቶች ትርፋቸውን የሚያሰሉት ማሽኑ በሚሠራባቸው ሰዓታት ነው። ማሽኑ ሲቆም ግን የባንክ ወለዱና የኦፕሬተሩ ደመወዝ አይቆሙም። ለስሌት ያህል በሰዓት 1,000 ብር የሚከራይና በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ ማሽን ለ5 ቀናት ቢቆም የ40,000 ብር ገቢ ይቀራል። የመለዋወጫውና የመካኒኩ ወጪ ገና አልታሰበም። በመሆኑም የብልሽቱን ምክንያት ሳያረጋግጡ ወደ ጥገና መግባት ከብልሽቱ የበለጠ ሊያስከፍል ይችላል።

ብዙዎች በአንዱ አምራች ስም «ቦብካት» የሚሉት ትንሹ ሎደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ይነሳል፤ ክንዱ ግን ከፍ አይልም፣ ባኬቱም አይገለበጥም። በዚህ ጊዜ ለባለቤቱ ቶሎ የሚቀርበው መልስ «ፓምፑ አልቋል» የሚል ነው። ፓምፕ ውድ ዕቃ ነው። ነገር ግን የአንድ ፊውዝ መቃጠል ወይም የአንድ ሽቦ መበጠስም በትክክል ይህንኑ ምልክት ያሳያል።

የቁልፉ አሠራር

በአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ሎደሮች ላይ ክንዱ እንዲንቀሳቀስ ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ መቀመጥና ከፊቱ ያለውን መከላከያ ብረት ማውረድ አለበት። ሁለቱም በየራሳቸው ማብሪያ ወይም ሴንሰር መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ ሲሟላ መቆጣጠሪያው ሶሌኖይድ ለሚባለው የሽቦ ጥቅል 12 ቮልት ይሰጣል፤ ጥቅሉ ማግኔት ሆኖ ቫልቩን ይከፍታል። በዚህ ሰንሰለት ላይ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ፓምፑ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ክንዱ እንደተቆለፈ ይቀራል።

ኤሌክትሪክ ነው ወይስ ዘይት?

የሃይድሮሊክ ዘይቱ መጠን ከታየ በኋላ ባለቤቱ ለኦፕሬተሩ ሁለት ጥያቄዎች ያቅርብ። የመጀመሪያው «ችግሩ በድንገት መጣ ወይስ እየቆየ?» የሚል ነው። ያለቀ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ዘይቱ ሲሞቅም ይብስበታል። በድንገት የሚቆም፣ ጉድጓድ ሲዘል የሚመለስ፣ ወይም ማሽኑ ከታጠበ በኋላ የሚመጣ ችግር ወደ ኤሌክትሪክ ያመለክታል። ሁለተኛው «ያቆመው ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?» የሚል ነው። በአብዛኞቹ ሎደሮች ለክንዱ፣ ለባኬቱና እንደ ጃክሃመር ላሉ ተቀጥላዎች ዘይት የሚሰጠው አንድ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ክንዱ በሙሉ ጉልበት እየሠራ ጃክሃመሩ ብቻ ከቆመ ፓምፑን መጠርጠር አይገባም፤ መታየት ያለባቸው የእጀታው ማብሪያ፣ ሽቦው፣ ሶሌኖይዱና ተቀጥላው ራሱ ናቸው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ክንዱ መሬት ላይ ይረፍ። ድጋፍ ብረት ካልገባለት ከተነሳ ክንድ ሥር ማንም አይግባ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. ባትሪ። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ያሳያል። የላላ ወይም የዛገ ማሰሪያ ብቻውን መቆጣጠሪያውን ያሳስታል።

2. ፊውዝና ሪሌ። የተቃጠለ ፊውዝ በዚያው አምፔር ይተካ። ዳግመኛ ከተቃጠለ የተነካካ ሽቦ አለ ማለት ነው፤ በትልቅ ፊውዝ ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት እሳት መጋበዝ ነው። ሪሌውን ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀያይሮ መሞከር ምንም ወጪ የለውም።

3. የወንበሩና የመከላከያው ሴንሰሮች። አቧራ፣ የተቀዳደደ ስፖንጅ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ማግኔት በቂ ምክንያት ነው። በብዙ ሞዴሎች ላይ የትኛው እንዳልተሟላ ዳሽቦርዱ ላይ ያለ መብራት ይናገራል።

4. ሶሌኖይድ። በቴስተር ኦሙ ይለካ። ለምሳሌ በ12 ቮልት 1.5 አምፔር የሚስብ ጥቅል 8 ኦም ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ጨርሶ የማያነብ ከሆነ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ተነካክቷል።

5. ሽቦ። ክንዱ የሚታጠፍበትና ካቢኑ የሚገለበጥበት ቦታ ሽቦ የሚፋቅበት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ነገር አለ። የሽቦው ክሮች ተበጥሰው አንድ ሁለት ብቻ ቢቀሩም ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ ቴስተሩ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሶሌኖይዱ ሲሰካና ጭነት ሲያርፍበት ግን ቮልቱ ይወድቃል። ስለዚህ ልኬቱ ሶኬቱ እንደተሰካ ከኋላው ይወሰድ። ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መስመርም በዚሁ መንገድ ይፈተሽ።

ቮልቱ በጭነት እየደረሰ፣ ጥቅሉም ጤነኛ ሆኖ ክንዱ ካልተነሳ ያኔ ቫልቩን መፍታት፣ የዘይት ግፊቱን በጌጅ መለካት ተገቢ ነው። ፓምፕ መግዛት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አቋራጩ የሚያስከፍለው

ሥራ እንዳይቆም ሴንሰሩን በሽቦ ቁራጭ አገናኝቶ ማለፍ የሚቀናው መካኒክ አለ። ማሽኑ ይሠራል፤ ጥበቃው ግን ጠፍቷል። ኦፕሬተሩ ከወንበሩ ተነስቶ ሲወጣ ማዘዣውን ቢነካ ክንዱ ሊወርድበት ይችላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ እነዚህ መከላከያዎች እንዳይታለፉ ያሳሰበው ሰዎች በዚህ መንገድ ስለሞቱ ነው።

ያገለገለ ማሽን ለሚገዛም ሆነ ለሚያሻሽጥ ይህ የዋጋ ጉዳይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ሻጩ የደበቀውን በሽታ ግን የሚያስታምመው ገዢው ነው። ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ ክንዱ መሬት ላይ እንዳለ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ፣ ኦፕሬተሩ ቀበቶውን አስሮ እንደተቀመጠ መከላከያ ብረቱን ያንሳና ማዘዣውን በቀስታ ይሞክር። ክንዱ ከተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ቁልፉን አልፎታል ወይም ቁልፉ ተበላሽቷል። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ፤ ሻጩ ካልተስማማ ሌላ ማሽን ይፈልጉ።