የጓሮ አትክልት በጋራ እንጀምር

የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል። በጓሯችን ግን ብዙውን ጊዜ የሚበቅለው አረም ነው። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ጎመኑንም ካሮቱንም ከገበያ እንገዛለን። ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ በሽሮ ብቻ ይሰነብታል።

ጎመንና ካሮት ለማባያ ብቻ የሚበሉ አይደሉም። ሰውነታችን ቫይታሚን ኤ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከእነሱና እነሱን ከመሰሉ ምግቦች ነው። ይህ ሲጎድል ልጆች በዳፍንት ይያዛሉ፤ ሲመሽ ማየት ይሳናቸዋል። ጎመኑ በጥቂት ዘይት ቢሠራ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ የጓሮው ነገር የልጆቻችን የዓይን ነገር ነው።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የዘመትን ተማሪዎች ይህን ለጎልማሳ ተማሪዎቻችን ስናስረዳ፣ «መሬቱስ አለ፤ ዶማው፣ ዘሩ፣ ውኃ ማጠጫው በምን ይገዛል?» አሉን። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን አብዛኛው ዕቃ በሰፈራችን ውስጥ አለ። መጠየቅ፣ መመዝገብ፣ በቀኑ መመለስ ነው የሚያስፈልገው።

1. ከማን ምን እንጠይቅ?

ባለሱቁን ባዶ ጀሪካንና የተቀደደ ማዳበሪያ ከረጢት እንጠይቅ። የጀሪካኑ ክዳን በጋለ ሚስማር ሲበሳሳ ጥሩ ውኃ ማጠጫ ይሆናል። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ለምንም ነገር አንውሰድ።

ሻይ ቤቱ የቡና አተላ ይጥላል፤ ከብት ያለው ጎረቤት ፍግ አለው። ሁለቱንም ከቅጠላ ቅጠል ጋር አከማችተን እናብላላው። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል።

የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ችግኝ ማፍላት ይችላሉ። የሰፈሩ የእግር ኳስ ቡድን ደግሞ ጉልበት አለው፤ በተራ ውኃ ቢቀዳልን ለእናቶች ትልቅ እረፍት ነው።

ዶማና አካፋ ያለው እድር ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ከበድ ይላል። እኛ በተመደብንበት ሰፈር የእድሩ ዳኛ፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ዶማ የቀብር ነው። ሰው ቢሞትብን የት ብለን እንፈልገዋለን?» አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው። እኛ የምንመልሰው ጠፋን።

ያን ጊዜ ከተማሪዎቻችን አንዷ እናት ተነሥተው፣ «ጋሼ፣ ጧት ወስደን ማታ እንመልስልዎታለን። በመሐል ልቅሶ ከመጣ ሥራው ይቁም፤ ዶማው ይመለስ። ይህንን እኔው ጽፌ እፈርማለሁ» አሉ። እኚህ እናት ከዚያ በፊት የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። ያን ቀን ግን ስማቸውን በእጃቸው ጻፉ። ሽማግሌው ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ሣጥኑን ከፈቱ።

2. የመዋሻ ዕቃ መዝገብ

ሰው ዕቃውን የሚከለክለው ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። አውሶ የቀረበት ስለሚበዛ ነው። መዝገብ ይህን ፍርሃት ያስወግዳል። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

ቀን፦ መስከረም 20
የተወሰደው፦ 2 ዶማ፣ 1 አካፋ
የተሰጠው፦ ከእድሩ
የሚመለሰው፦ ዛሬ ማታ
ተቀባይ፦ ስምና ፊርማ

ዕቃው ሲመለስ «ተመልሷል» ተብሎ በዚያው መስመር ይጻፍ። የሰጠውም ይፈርም። ማንበብ የማይችል ካለ ጮክ ብለን እናንብብለት።

3. ዘር ስንገዛ እናንብብ

በዘሩ ማሸጊያ ላይ ያለው ጽሑፍ የባዕድ ቋንቋ ቢሆንም ቁጥሩን ማንበብ እንችላለን። ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት ባለው ወር ከታሸገ ከዓመቱ 8 እንቀንስ። ከአዲስ ዓመታችን በኋላ እስከ ዲሴምበር ከሆነ 7 እንቀንስ። ለምሳሌ በማርች 2024 የታሸገ ዘር በእኛ 2016 ዓ.ም. የታሸገ ነው። በተለይ የሽንኩርት ዘር ሲቆይ ቶሎ ይደክማል።

ከተጠራጠርን 10 የጎመን ዘር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ለ7 ቀን እናቆይ። 8 ቢያቆጠቁጥ ዘሩ ጥሩ ነው። 3 ወይም 4 ብቻ ከሆነ ዘሩ ደክሟል፤ ሌላ እንፈልግ።

4. መደብ ማዘጋጀት

የመደቡ ወርድ 1 ሜትር ይሁን። እንዲህ ከሆነ ሳንረግጠው ከግራም ከቀኝም እጃችን ይደርሳል። በመደቦቹ መካከል ለመተላለፊያ 50 ሳንቲ ሜትር እንተው። ካሮት በቦታው ይዘራል እንጂ አይዛወርም። በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሲበቅል እየሳሳ በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ውኃ የምናጠጣው ጧት ወይም ማታ ነው።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ደጋ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ቲማቲምና ቃሪያ ውርጭ አይችሉም። ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ግን የተሻለ ይቋቋማሉ። መስከረም 25 ቀን ከዘራን እስከ ጾሙ መግቢያ 50 ቀን አለ። በዚያን ጊዜ የጎመኑ ቅጠል ለመቀንጠስ ይደርሳል፤ ካሮቱ ግን 3 ወር ያህል ይፈልጋል።

5. ምርቱ የማን ነው?

ይህን ከመዝራት በፊት እንነጋገርበት። ጎመን ከደረሰ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ ጠብ ያመጣል። ለሠራው፣ ዕቃ ላዋሰው፣ ሠርቶ መብላት ለማይችለው አቅመ ደካማ ምን ያህል እንደሚደርስ አስቀድሞ በመዝገቡ ይስፈር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሎሚው ሲከፋፈል ግን መቁጠር የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ዘማቾች የተመደብንበት ጊዜ ሲያልቅ ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። መዝገቡን የሚይዙት ግን የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እስክሪብቶው በእነሱ እጅ ይሁን።

ጥያቄዎች
1. በሰፈራችሁ የሚጣል፣ ለአትክልት ግን የሚጠቅም ምን አለ? ሦስት ጥቀሱ።
2. የእድሩ ዳኛ ሣጥኑን የከፈቱት ለምንድን ነው?
3. በጁን 2025 የታሸገ ዘር በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት የታሸገ ነው?
4. ከጎረቤት አንድ አካፋ እንደተዋሳችሁ አድርጋችሁ መዝገብ ጻፉ።