ፌሮው አርማታ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን መብት አለዎት?

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ በገላን በኩል ወደ ዱከም በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ መጋዘን፣ ፋብሪካ ወይም ፎቅ ሳይጀመር የሚያልፍ ዓመት የለም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያው ናቸው፤ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉ ወዲህም ግንባታው ቀጥሏል። የዚህ ግንባታ ትልቅ ክፍል የሚሠራው በዱቤ ነው። ፌሮው በዱቤ ይራገፋል፣ ብሎኬቱ በዱቤ ይደረደራል፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራውን የወሰደው ንዑስ ተቋራጭም ሠራተኞቹን ከኪሱ እየከፈለ የክፍያ ሰርተፍኬት ይጠብቃል። ክፍያው ሲቀር ታዲያ አቅራቢውም ሠሪውም የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ነው፦ «ሕንፃው የቆመው በእኔ ዕቃና በእኔ ጉልበት ነው፤ እስኪከፍለኝ ድረስ ሕንፃውን መያዣ ማድረግ አልችልም ወይ?» መልሱን ሳላለዝብ ልንገርዎት። አስቀድመው በውል ካላቋቋሙት በስተቀር፣ የእርስዎ ዕቃ ወይም ሥራ እዚያ ስለገባ ብቻ ሕጋችን በሕንፃው ላይ የመያዣ መብት አይሰጥዎትም።

ምክንያቱ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይነሳል። በቁጥር 3041 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ መያዣ የሚቋቋመው በሕግ፣ በፍርድ፣ በውል ወይም በኑዛዜ ነው። በሕግ ብቻ መያዣ የተሰጣቸው ግን ጥቂቶች ናቸው፤ ቁጥር 3042 ቤቱን ለሸጠው ሰው፣ ቁጥር 3043 ደግሞ ንብረት ለተካፈለው የጋራ ባለሀብት ይሰጣል። ሠሪውና አቅራቢው እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ከዚህ የሚብሰው በቁጥር 1131 እና ተከታዮቹ የተጻፈው ነው። ሳይበላሽ ሊነጠል የማይችል ነገር የዋናው ንብረት ክፍል ይሆናል፤ ሌላ ሰው በዚያ ነገር ላይ የነበረው መብትም ይቋረጣል። ስለዚህ «ዋጋው እስኪከፈል ባለቤትነቱ የእኔ ነው» የሚል ቃል በደረሰኙ ላይ ቢያሰፍሩም፣ ፌሮው ሳይት ላይ ተከምሮ እስካለ ድረስ ብቻ ይጠቅምዎታል፤ አርማታ ከተሞላበት በኋላ የሚቀርዎት በገዢው ላይ ያለ የገንዘብ ጥያቄ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ የተለየ መንገድ ሄደዋል። በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት አዲሲቱን ዋና ከተማ ዋሽንግተንን ቶሎ ለማስገንባት ሲባል በ1791 እ.ኤ.አ. ለግንበኞች በሠሩት ሕንፃ ላይ የመያዣ መብት ሰጠች፤ ሌሎቹ ግዛቶችም ተከተሏት። «ያ የእነሱ ሥርዓት ነው፤ የእኛ ሕግ ከፈረንሳይ ቤተሰብ ነው» የሚል ካለ፣ የፈረንሳይ የናፖሊዮን ሕግም ለአናጺና ለግንበኛ ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር፤ የካናዳዋ ኬቤክም ዛሬ ትሰጣለች። የእኛን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ይህን ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም። እንዲህ ዓይነቱ መብት ባንኮችን ከብድር ያሸሻል የሚለው ስጋት መልስ አለው፤ ኬቤክ መብቱን የገደበችው ሥራው በንብረቱ ላይ በጨመረው ዋጋ ልክ ነው፤ ባንኩ ሲያበድር የነበረውን ዋጋ ማንም አይነካበትም። ሕግ አውጪያችን ይህን ቢያስብበት ፍትሐዊ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ባለው ሕግ መኖር ግድ ነው።

ባለው ሕግ ደግሞ ቅድሚያ የሚያገኘው መያዣ ያስመዘገበ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ባንክ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረትም ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በሰበታ አለም ገና የነበረው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ብድሩን መክፈል ሲያቅተው ፋብሪካውን የተረከበው አበዳሪው ልማት ባንክ ነው። መያዣ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ አክሰስ ሪል እስቴት አሳይቷል። ከ2,000 በላይ ቤት ገዢዎች 1.4 ቢሊዮን ብር ገደማ ከፍለው ቤቱ ሳይሠራላቸው ቀረ፤ በእጃቸው የነበረው ውል እንጂ የተመዘገበ መያዣ ስላልነበረ ጉዳዩ በመንግሥት ኮሚቴ ሳይቀር ቢታይም ለዓመታት ተጓተተ። ያለ ዋስትና ዕቃ የሚያራግፍ የገላን ነጋዴም የቆመው እነዚያ ገዢዎች በቆሙበት ቦታ ነው።

እንግዲህ መብትዎ የሚሠራው መኪናው ከመራገፉ በፊት ነው። ትልቅ ውል ከሆነ መያዣ ይጠይቁ፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የገንዘቡን ልክ ይጥቀስ፣ ንብረቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ይፈርም፣ ከሁሉም በላይ ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ይመዝገብ። ያልተመዘገበ መያዣ ዋጋ የለውም። «ማን ባለቤት ነው ለብሎኬት ሻጭ ሕንፃውን የሚያስይዘው?» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አያስይዙም። ያኔ ወደ ሌላ ዋስትና ይሂዱ። ከኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጋር ከተዋዋሉ የማኅበሩ ዕዳ የባለአክሲዮኖቹ ዕዳ አይደለም፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በግሉ ዋስ ይሁን፤ ዋስትናው በጽሑፍ መሆኑን፣ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ መጻፉን አይርሱ፤ ይህ ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው። ተቋራጩ ሚክሰር ወይም ሌላ ማሽን ካለው በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት መያዣ አድርገው በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ማስመዝገብ ይችላሉ። ንዑስ ተቋራጭ ከሆኑ ግን እኔ የምመርጥልዎት አንድ ነገር አለ፦ ዋናው ተቋራጭ ከአሠሪው የሚጠብቀውን ክፍያ፣ በእርስዎ ድርሻ ልክ፣ በጽሑፍ ያስተላልፍልዎት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1962 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል፤ የአሠሪው ፈቃድም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ለአሠሪው ማሳወቅ ነው፤ ሳያውቅ ለተቋራጩ ከከፈለ ነፃ ይወጣልና።

«ቼክ ይዣለሁ፤ ካልከፈለ ይታሰራል» የሚለው መተማመኛ በግንባታው ገበያ በጣም የተለመደ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ሆኖም የታሰረ ሰው ብር አያመጣም፣ ከባዶ ሒሳብም የሚከፈል የለም። የቼኩ እውነተኛ ጥቅም በፍትሐ ብሔር በኩል ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 እና ተከታዮቹ መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል፤ ተከሳሹም የመከላከያ ፈቃድ ካላገኘ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል።

ክፍያው አንዴ ከዘገየ ደግሞ በሽምግልና ስም ወራት አያሳልፉ። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከሰጡ በኋላ ይሁን፤ በውል ሌላ ካልተወሰነ በቀር 9 በመቶ የሕግ ወለድም ይጠይቁ። ባለዕዳው ንብረቱን እያሸሸ ለመሆኑ ማስረጃ ካለዎት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 መሠረት ከፍርድ በፊት ዋስትና እንዲያቀርብ ወይም ንብረቱ እንዲከበር ያመልክቱ። ካሸሸም በኋላ መንገዱ አልተዘጋም፤ በማጭበርበር ያደረገውን ማስተላለፍ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1995 መቃወም ይቻላል። ፍርድ ሲያገኙም ቁጥር 3044ን ያስታውሱ፤ ፍርድ ቤቱ ለፍርዱ ማስፈጸሚያ በባለዕዳው ቤት ላይ መያዣ ሊሰጥዎት ይችላል። በእኛ አገር ለሠሪው መያዣ በጣም የቀረበው መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ ጠያቂዎቹ ጥቂት ናቸው። እርስዎ የአዲስ አበባ፣ ባለዕዳው የገላን ነዋሪ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ስለሚሆን ክስ ከመክፈትዎ በፊት የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ያጣሩ፤ በዚህ ምክንያት ወራት የሚባክንባቸው መዝገቦች ያሳዝኑኛል።

ባለዕዳው ነጋዴ ወይም ማኅበር ሆኖ ከከሰረ ሩጫው ይቆማል። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ የኪሳራ ሥርዓት ሲጀመር የተናጠል ክስና አፈጻጸም ይታገዳል፤ ዋስትና የሌላቸው ገንዘብ ጠያቂዎችም ከተረፈው ንብረት እንደ ገንዘባቸው መጠን ይካፈላሉ፤ የሠራተኛ ደመወዝ ይቀድማቸዋል። ሊከስር ጥቂት ሲቀረው ለቆየ ዕዳ በጥድፊያ የተሰጠ መያዣም ሊፈርስ ይችላል። በመሆኑም «ችግር ሲመጣ መያዣ እጠይቃለሁ» ማለት አያዋጣም፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ የተወሰደው መያዣ ነው የሚፈተነው። ሕጉ ድርጅቱን ከውድቀት በፊት መልሶ የማዋቀር ሥርዓትም ዘርግቷልና፣ ከተቋራጩ ወደዚያ እንግባ የሚል ጥሪ ሲደርስዎ ሳይንቁ ይገኙ፤ ገንዘብዎን በወቅቱ ያስመዝግቡ፣ በዕቅዱ ላይም ድምፅ ይስጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ፌሮ ከመጫንዎ በፊት ደግሞ በውሉ ላይ የዋሱ ስም፣ የገንዘቡ ልክና የምዝገባ ቁጥሩ መኖራቸውን አይተው ይፈርሙ።