ደስታም በጀት ይኑረው

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ 37 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ በወር 13 ሺህ ብር አገኛለሁ። ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ይሠራል፤ ገቢው አንዱ ወር ከሌላው ቢለያይም ወደ 18 ሺህ ይጠጋል። የምንኖረው ጀሞ፣ በሃያ ሰማንያ ዕጣ የደረሰን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የባንክ ዕዳውን በየወሩ እንከፍላለን።

አባቴ የሞተው ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናታችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች አራታችንን አሳደገችን። የኪራይ ቀን ሲቃረብ መቀነቷን ፈትታ ስትቆጥር፣ ሳይሞላላት ሲቀር መልሳ ስትቋጥር እስከ ዛሬ ይታየኛል። እኔም ያወጣሁትን ሳንቲም ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። ምሳ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከእሁድ ገበያ ውጪ አልገዛም፤ ጤፍ በጥር ለዓመቱ እሸምታለሁ፤ በርበሬውንም ራሴ አዘጋጅቼ አስፈጫለሁ። በየወሩ 9 ሺህ ብር እናስቀምጣለን፤ ባንክ ውስጥ 160 ሺህ ብር አለን።

ግን በመሃል በመሃሉ እገነፍላለሁ። በጥር የታናሽ እህቴ ሠርግ ነበር። ቤተሰቡ አንድ ዓይነት የሀበሻ ቀሚስ ይልበስ ተባለና ለባለቤቴ እንኳ ሳልነግር 18 ሺህ ብር አውጥቼ አሰፋሁ። ሠርጉ ላይ ሁሉም ሲያደንቀኝ ደስ አለኝ፤ ማታ ቤት ገብቼ ሳወልቀው ግን አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ቤቱን ቀጣሁት። ሥጋ የለም፣ ታክሲ የለም፣ ለልጆቹ ብስኩት የለም።

ባለቤቴ «ቋጣሪ» ይለኛል፤ አንዳንዴም ሰው ፊት። ለአሥረኛ ዓመት ጋብቻችን ላንጋኖ እንሂድ ሲለኝ እንቢ አልኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ስታነክስ አየኋት። ጫማዋ ጠቧት ጣቷ ቆስሏል። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «ብር እንዳታወጪ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስስታም ነኝ ወይ? መቼ ቆጥቤ መቼ እንደማወጣ በምን ልወቅ?

ግራ የገባት፣ ከጀሞ

እህቴ፣ ስስታም አይደለሽም። ስስታም ሰው የልጁ ጫማ ስለጠበበ እንቅልፍ አያጣም። ከሁሉ በፊት ግን ጫማው ይገዛ። እስካሁን ካልገዛሽላት በዚህ ቅዳሜ ይዘሻት ሂጂ፤ ራሷ ትምረጥ፤ አንቺ ዋጋውን ተከራከሪ እንጂ ምርጫዋን አትንኪባት። መንገድ ላይም «ጫማ ሲጠብሽ መናገር ያንቺ ሥራ ነው፤ የብሩን ነገር ማሰብ የእኔና የአባትሽ ነው» በያት። ይህን በቃል፣ በግልጽ መስማት አለባት። ልጆች ከምንነግራቸው ይልቅ ፊታችንን ያነባሉ፤ ያንቺ ፊት ደግሞ ለዓመታት «ብር የለም» ሲላት ኖሯል። ዛሬ የቆሰለ ጣቷን የደበቀች ልጅ ነገ ጥርሷን ሲያማት ትደብቃለች፤ ትምህርት ቤት የሚያስቸግራት ሰው ቢኖርም ትደብቃለች። ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ሲደርስ ነው።

አሁን ወደ መገንፈልሽ ልምጣ። ደብተርሽን ባላየውም አንድ ነገር እገምታለሁ። ጤፍ የራሱ መስመር አለው፤ የባንክ ዕዳ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መብራት፣ ውሃ፣ እድር አላቸው። ደስታ የሚል መስመር ግን የለም። መስመር ስላልተሰጠው ተደብቆ መጣ። ለባልሽ ሳትነግሪ ብዙ ብር አወጣሽ፤ ከዚያም ቤተሰቡን በሙሉ ሁለት ወር ንስሐ አስገባሽ። ብስኩት የተከለከሉት ቀሚሱን ያላሰፉት ልጆች ናቸው።

አጥብቆ መቆጠብና ድንገት መበተን ለአንቺ ሁለት የማይገናኙ ጠባዮች ይመስሉሻል። እኔ ግን አንዱ ሌላውን ሲወልድ ነው የማየው። ዓመቱን ሙሉ «አይሆንም» የተባለች ነፍስ አንድ ቀን ማንንም ሳትጠይቅ «እሺ» ትላለች፤ ጸጸቱ ሲመጣ ደግሞ «አይሆንም» ከበፊቱ የባሰ ይጠብቃል። ይህ ዙር በበለጠ ቁጠባ አይቆምም።

የጉራጌን መስቀል አስቢ። ሠራተኛና ቆጣቢ መሆኑን አገር የሚያውቀው ሕዝብ ነው። ሴቶቹ ቅቤ በዙር እያዋጡ ዓመቱን ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹ ለበሬው በየጊዜው ገንዘብ ይጥላሉ። መስከረም ሲደርስ መርካቶም ሆነ በየከተማው የሚነግደው ወደ አገር ቤት ይገባል፤ ክትፎው ያለ ስስት ይቀርባል። ያን ጊዜ በወጣው ብር የሚቆጭ ሰው አታገኚም፤ የበሬው ገንዘብ አስቀድሞ «ይህ የመስቀል ነው» ተብሎ ተለይቷልና። እዚህ አዲስ አበባ ቅርጫ የምንለውም ይኸው ነው። ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል፣ ሥጋው በእኩል መደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይወጣል፤ ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ቤተሰብ ለፋሲካ ከሁሉም ዓይነት ሥጋ ይደርሰዋል። ከፋሲካው በፊት ደግሞ 55 ቀን ተጹሟል። ጾሙም ፍስኩም ቀን ተቆርጦላቸው ያደግንበት አገር ነው፤ ቀኑን ጠብቆ ፈስኮ የሚጸጸት ሰው አላውቅም።

የሠርጉን ቀሚስ ግን ፍስክ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። ካንቺ ፍላጎት አልመጣም። ቤተሰቡ ወሰነ፣ ይሉኝታ ያዘሽ፣ ከፈልሽ። ብዙዎቻችን «አባከንኩ» ብለን የምንቆጭበት ገንዘብ ሲመረመር ለሰው ዓይን የከፈልነው ሆኖ ይገኛል፤ የሠርግ ዩኒፎርም፣ ከአቅም በላይ የሆነ የልደት ድግስ፣ የምርቃት ድንኳን፣ በብድር የሚደገስ ተዝካር። ከእንግዲህ ትልቅ ወጪ ሲቀርብልሽ ራስሽን ጠይቂ፤ ማንም ባያየኝ፣ ማንም ባይሰማ፣ ይህን አደርገው ነበር? ቀሚሱን አታሰፊውም ነበር። ልጆችሽ ውሃ ዳር ሲጫወቱ ለማየት ግን ተመልካች አያስፈልግሽም። እንቢ ማለት የነበረብሽን እሺ ብለሽ፣ እሺ ማለት የነበረብሽን እንቢ ብለሻል።

ፍርሃትሽን አልንቀውም። እንደ እናትሽ ያለችውን እናት ያየ ልጅ ገንዘብን ቀለል አድርጎ ሊይዝ አይችልም፤ ያሳደገሽን ነገር እንድትጥዪው አልጠይቅሽም። ነገር ግን እናትሽ መቀነቷን ስትፈታ ጎድሎባት ነበር፤ የአንቺ ግን ሞልቷል። አንቺው በሰጠሽኝ ቁጥር እንቁጠር። በወር የምታወጡት ዕዳውን ጨምሮ 22 ሺህ ብር ነው። ባንክ ያለው 160 ሺህ፣ ሁለታችሁም ዛሬ ሥራ ብታቆሙ ከሰባት ወር በላይ ያኖራችኋል። ለክፉ ቀን ስድስት ወር ይበቃል ብለሽ ወስኚ፤ 132 ሺህ ብር ይሆናል፤ እሱን አትንኪው። እዚያ ደርሰሻል፤ እንዲያውም አልፈሻል። መድረሻ ያልተቆረጠለት ቁጠባ ግን ምን ያህል ቢጠራቀም ፍርሃትን አያስታግስም።

ደግሞም ባንክ የተኛ ብር እንደነበረ አይቆይም። ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ያደረገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት አብዛኞቹ ዓመታት የገበያው ዋጋ ከዚህ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በእሁድ ገበያ የምትውዪው አንቺ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በተሻለ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ከ132 ሺው በላይ ያለውን የቤቱን ዕዳ ቀድመሽ ለመክፈል ይቻል እንደሆነ ባንክሽን ጠይቂ፤ ለብድር የምትከፍዪው ወለድ ለቁጠባ ከሚሰጥሽ ይበልጣል።

ከዚያ በየወሩ ከምታስቀምጪው 9 ሺህ ላይ 1,500 ብር ለደስታ ለዪ። በዓመት 18 ሺህ ይሆናል፤ ልክ የዚያ ቀሚስ ዋጋ። ባንክ አታስገቢው፤ አንዴ ከገባ እንደማታወጪው ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። የመሥሪያ ቤት እቁብ ግቢበት። አሥራ ሁለት ሰው በየወሩ 1,500 ብር ቢጥል፣ ዕጣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ 18 ሺውን በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ዕጣሽ ቶሎ ከወጣ ዓመቱን ስትከፍዪ ትከርሚያለሽ፤ ከዘገየ ትጠብቂያለሽ። በሁለቱም በኩል ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከባለቤትሽ ጋር ዛሬ ተስማሙ። ግማሹ ለአራታችሁ ይሁን። ቀሪውን አንቺና እሱ እኩል ተካፈሉት፤ ይህ ድርሻ ደብተር ላይ አይጻፍም፤ በምን አወጣኸው፣ በምን አወጣሽው የለም። መጀመሪያ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይሁን፤ ይለመዳል።

ላንጋኖ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማደሪያም ይጠይቃል፤ ለሚመጣው ዙር አቆዩት። በዚህ ዓመት ቢሾፍቱ ሂዱ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ምሳውን ከቤት ሠርተሽ ብትይዢ የሚነቅፍሽ የለም፤ ብሩ ሆራ ሐይቅ ላይ ልጆቹ ጀልባ ሲሳፈሩ ይውጣ።

የመስከረምን ወጪ ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅዪው። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ የነሐሴው ደመወዝ ጳጉሜንን ተሻግሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ማድረስ አለበት፤ ምዝገባውም፣ ደብተሩም፣ እንቁጣጣሹም እዚያው ላይ ይወድቃሉ። ለዚያ ከቁጠባው ሌላ ድርሻ ይለይ፤ አለዚያ የደስታው ብር በየዓመቱ እዚያ ይቀራል።

የቀረውን አትለውጪ። ምሳ ዕቃሽን ያዢ፣ ጤፍሽን በጥር ሸምቺ፣ ደብተሩንም አትተዪው። ሰው «ቋጣሪ» እንዳይልሽ ብለሽ በየቀኑ ማኪያቶ መጠጣት አትጀምሪ። ለደስታ የሚወጣ ገንዘብ ከስንት አንዴ፣ ግን በርከት ብሎ ይውጣ ባይ ነኝ። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ የሚወጣው ወዲያው ልማድ ይሆንና መጣፈጡ ይቀራል፤ ወጪው ግን ይቀጥላል።

ለባለቤትሽም አንድ ነገር አለኝ፤ አንብቢለት። ወንድሜ፣ «ቋጣሪ» የምትላት ሴት ጤፉን በወቅቱ ባትሸምት፣ የባንኩን ቀን ባትጠብቅ ኖሮ ላንጋኖ እንሂድ ለማለት የሚያስችል ገንዘብ ቤትህ አይኖርም ነበር። ደብተሩን ሌላ ሰው ሲይዘው ለጋስ መሆን ቀላል ነው። ሰው ፊት እንዲህ ብለህ አትጥራት። በወር ለዕዳ ስንት እንደሚወጣ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት እንደገባ፣ የልጅህ የጫማ ቁጥር ስንት እንደሆነ እወቅ። ጣቷ ሲቆስል አንተም አላየህም። በየወሩ አንድ ምሽት ደብተሩን አብራችሁ ክፈቱት፤ ብቻዋን የምትጠብቀው ገንዘብ ስለሆነ ነው ይህን ያህል የምትፈራው።

ዘንድሮ ሠርግ ለምትደግሱ አንባቢዎቼም ልመና አለኝ። የአንዲትን እህት የወር ደመወዝ የሚበልጥ ቀሚስ ለዘመድ አዝማድ አትዘዙ። ወጪው የሚከፈለው ከሌላ ሰው ጓዳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከልጆች አፍ ተቀንሶ። መመሳሰሉ ካልቀረ የነጠላው ጥለት አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቀሚሱን ግን እያንዳንዷ ያላትን ትልበስ። «አልችልም» የምትላችሁን ዘመድም አታስቀይሟት።