በላብራቶሪ ላሉ የሊነክስ ኮምፒውተሮች ሶፍትዌር ከአንድ ቦታ እንዴት ይጫናል?

በአዊ ዞን በአዘና ያለ አንድ ትምህርት ቤት በኡቡንቱ የሚሠሩ 20 ኮምፒውተሮች አሉት እንበል። 300 ሜጋባይት የሚመዝን ሶፍትዌር በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ከወረደ 6 ጊጋባይት ኢንተርኔት ይበላል። በሚከተለው አሠራር ግን አንዴ ብቻ ይወርዳል፤ መምህሩም ከወንበር ወንበር መዞር የለበትም።

1. ስሪቱን አንድ ያድርጉ። በሁሉም ላይ ኡቡንቱ 24.04ን ይጫኑ። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ስሪቱ ከተለያየ የሶፍትዌሩ ፓኬጅም (የሚወርደው ፋይል) ይለያያል፤ ቁጠባውም ይቀራል። ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የማይቀያየር የአይፒ አድራሻ ይስጡ።

2. ማከማቻ ያዘጋጁ። አንዱን ዋና ኮምፒውተር አድርገው አፕት-ካሸር-ኤንጂ (apt-cacher-ng) የተባለውን የፓኬጅ ማከማቻ ሶፍትዌር ይጫኑበት። በሌሎቹ የአፕት ፕሮክሲ ቅንብር ላይ የዋናውን አይፒና ፖርት 3142ን ይጻፉ። አንዱ ያስወረደው ፓኬጅ በዋናው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ቀሪዎቹ ከዚያው በኔትወርክ ኬብል ይወስዳሉ። እንደ ፋየርፎክስ በስናፕ የሚመጡ ሶፍትዌሮች ግን በዚህ መንገድ አያልፉም።

3. ግንኙነቱን ይክፈቱ። በሌሎቹ ላይ የኤስኤስኤች ሰርቨር ይጫኑ። በዋናው ላይ ጥንድ ቁልፍ ፈጥረው ይፋዊውን ብቻ ወደ ሁሉም ይቅዱ። ምስጢራዊው ቁልፍ ከዋናው ኮምፒውተር አይውጣ።

4. ዝርዝሩን ይጻፉ። በዚህ ግንኙነት ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያዘውን ሶፍትዌር፣ አንሲብልን፣ የሚጭኑት በዋናው ላይ ብቻ ነው። ሁለት ፋይል ያዘጋጁ፦ አንዱ የኮምፒውተሮቹን አድራሻ፣ ሌላው፣ ማለትም ፕሌይቡኩ፣ የሚጫኑትን ፓኬጆች ይይዛል። ሊብሬኦፊስን፣ አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግለውን የአይባስ ፓኬጅና የአቢሲኒካን ፎንት አይርሱ። አቢሲኒካ ለአዊኛ የሚያስፈልጉትን እንደ ጘ ያሉ ፊደላትም ይዟል። በፕሌይቡኩ ውስጥ መስመር ሲያስገቡ ስፔስ እንጂ ታብ አይጠቀሙ፤ ታብ ካለበት አይሠራም።

5. ሞክረው ያስጀምሩ። መጀመሪያ ፕሌይቡኩን ምንም ሳይቀይር ውጤቱን በሚያሳየው የፍተሻ ስልት ያስኪዱት፤ ቀጥሎ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በመጨረሻም በሁሉም ላይ። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ አይደናገጡ። ተቋርጦ የቀረውን ጭነት በዲፒኬጂ የማዋቀሪያ ትእዛዝ አስተካክለው ፕሌይቡኩን እንደገና ያስጀምሩ፤ የተጫነውን አልፎ የጎደለውን ብቻ ይሞላል።

6. ማሻሻያውንም እንዲሁ ያድርጉ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሳይፈተን ወደ ሁሉም አይልቀቁት።

ሁለቱን ፋይሎች በፍላሽ ቀድተው ያስቀምጡ። ነገ ላብራቶሪውን የሚረከብ ባልደረባዎ ሥራውን ከዜሮ እንዳይጀምር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።